ኤሲሲኤን እየሠሩ መጨረስ፦ ከምዝገባ እስከ አባልነት

ኤሲሲኤን (ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ) ጀምረው ያቋረጡ የሙያ ባልደረቦቼን ምክንያታቸውን ስጠይቅ «ትምህርቱ ከበደኝ» ያሉኝ ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የሚያነሱት ሌላ ነው፦ የሂሳብ መዝጊያ ወቅት ደረሰባቸው፣ ክፍያውን በፓውንድ የሚልኩበት መንገድ አጡ፣ ወይም አንድ ጊዜ ወድቀው ሳይመለሱ ቀሩ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ልሆን ተቃርቤ ነበር። ይህን መመሪያ የጻፍኩት አገር ቤት በፋይናንስ ክፍል ወይም በኦዲት ድርጅት ውስጥ ቀን እየሠራ፣ ማታ ለሚያጠና ሰው ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነ ሰውም ብዙውን ነገር ይጠቀምበታል፤ ጊዜ አጠቃቀምን በሚመለከተው ክፍል ግን ከእኛ የተሻለ ዕድል አለው።

ምን እንደሚጠብቅዎ

ኤሲሲኤ እ.ኤ.አ. በ1904 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። አባል ለመሆን ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ፦ 13 ፈተናዎች፣ የሥነ ምግባርና የሙያ ክህሎት ትምህርት፣ እና የ36 ወራት የሥራ ልምድ። የእያንዳንዱ ፈተና ማለፊያ 50 ከመቶ ነው።

ፈተናዎቹ በሦስት እርከን የተከፈሉ ናቸው። በመጀመሪያው እርከን ሦስት አሉ፦ ቢቲ (ንግድና ቴክኖሎጂ)፣ ኤምኤ (የማኔጅመንት ሂሳብ) እና ኤፍኤ (የፋይናንስ ሂሳብ)። በሁለተኛው ስድስት ናቸው፦ ሕግ፣ ፒኤም (የአፈጻጸም አስተዳደር)፣ ግብር፣ ኤፍአር (የፋይናንስ ሪፖርት)፣ ኤኤ (ኦዲት) እና ኤፍኤም (የፋይናንስ አስተዳደር)። በመጨረሻው እርከን ሁሉም ሰው የሚወስዳቸው ሁለት አሉ፦ ኤስቢኤል (ስትራቴጂያዊ የንግድ አመራር) እና ኤስቢአር (ስትራቴጂያዊ የንግድ ሪፖርት)። ከዚያ ከአራት አማራጮች ሁለቱን ይመርጣሉ።

በአገራችን የዚህ ሙያ ፈላጊ የበዛው በከንቱ አይደለም። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ፣ ባንኮች፣ መድን ድርጅቶችና ትልልቅ ኩባንያዎች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች፣ ማለትም በአይኤፍአርኤስ እንዲያዘጋጁ ተገደዱ። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ደግሞ ብዙዎቻችንን ለዚያ አላዘጋጀንም።

ከመመዝገብ በፊት፦ ይህ መንገድ የእርስዎ ነው?

የሚፈልጉት አይኤፍአርኤስን ማወቅና ለዚያ ማስረጃ ማግኘት ብቻ ከሆነ፣ 13 ፈተና አያስፈልግዎትም። ኤሲሲኤ ራሱ የሚሰጠው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ሪፖርት ዲፕሎማ አለ፤ በተለምዶ ዲፕአይኤፍአር የሚባለው። አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ ጊዜው 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሲሆን እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ የሚይዙ አራት ጥያቄዎች አሉት። አግባብ ያለው ዲግሪና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ሰው ሊፈተን ይችላል። አሥር ዓመት የሠራ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር የፋይናንስ ኃላፊ ምክር ሲጠይቀኝ ብዙ ጊዜ የምነግረው ከዚህ እንዲጀምር ነው።

አሜሪካ ሄደው ሊኖሩ ያሰቡ ከሆነ ደግሞ እዚያ በሂሳብ ሙያ ፈቃድ የሚያሰጠው ሲፒኤ የተባለው ማረጋገጫ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ኤሲሲኤ ይዘው ሄደው እንደገና ለሲፒኤ ለመቀመጥ ተገደዋል። ሲፒኤ አራት ፈተና ሲሆን በአብዛኞቹ ግዛቶች ሲጠየቅ የኖረው የትምህርት መጠን 150 ክሬዲት ሰዓት ነው። እዚህ አገር፣ በባህረ ሰላጤው አገሮች ወይም በብሪታንያ ለመሥራት ላሰበ ሰው ግን ኤሲሲኤ ጥሩ ምርጫ ነው።

ደረጃ 1፦ ማስረጃዎችዎንና ስምዎን ያስተካክሉ

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የፈተና ቀን ደጃፍ ላይ ሰው ያስመልሳል። በዲግሪዎ ላይ የአያትዎ ስም አለ፣ በፓስፖርትዎ ላይ አለ፣ በፋይዳ መታወቂያዎ ላይም አለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ግን ሦስቱም ላይ በተለያየ መንገድ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። «ፀሐይ» የሚለው ስም አንዱ ጋ በ«ቲ» ጀምሮ ሌላው ጋ በ«ኤስ» ሊጀምር ይችላል። ለፈተና ሲቀመጡ በሚያሳዩት መታወቂያ ላይ ያለው ስም እና ኤሲሲኤ ዘንድ የተመዘገበው ስም አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ ሲመዘገቡ በፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፉ። ዲግሪዎ የሚለይ ከሆነ፣ ልዩነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር አስቀድመው ያውጡ።

የሚያስፈልጉት ሰነዶች የዲግሪው ቅጂ፣ ሙሉ ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያና ፎቶግራፍ ናቸው። ዲግሪ የሌለው ሰውም በር አልተዘጋበትም፤ ቅድመ ሁኔታ በሌለው የመሠረት እርከን ገብቶ ማደግ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ስለ ነጻ መደረግ በጥንቃቄ ያስቡ

የሂሳብ ዲግሪ ያለው ሰው ከአንዳንድ ፈተናዎች ነጻ ሊደረግ ይችላል፤ ከፍተኛው ቁጥር ዘጠኝ ነው። ስንት እንደሚያገኙ የሚወሰነው በተማሩበት ተቋምና በትራንስክሪፕትዎ ላይ ባሉት ኮርሶች ነው። በኤሲሲኤ ድረ ገጽ ላይ ያለው ማስያ አስቀድሞ ያሳይዎታል። ነጻ መደረግ በነጻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፈተና ክፍያ አለው።

እዚህ ላይ ያለኝን አቋም በግልጽ ልናገር። ከመጀመሪያው እርከን ሦስት ፈተናዎች ነጻ የሚደረጉ ከሆነ ይቀበሉ። ከኤፍአር ነጻ ቢደረጉ ግን እምቢ ማለት ይችላሉ፤ እኔ ብሆን እምቢ እላለሁ። ኤስቢአር የሚቆመው በኤፍአር ላይ ነው። የጋራ የሂሳብ መግለጫ አዘገጃጀትን፣ የሊዝ ውልን፣ የገቢ አመዘጋገብን በኤፍአር ደረጃ ሳይለማመድ በቀጥታ ኤስቢአር የገባ ሰው መሠረት በሌለው ቤት ላይ ጣሪያ እንደሚያቆም ነው። ኤኤንም ኦዲት ድርጅት ውስጥ ያልሠራ ሰው ቢፈተነው ይሻለዋል።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን አስቀድመው ያሰናዱ

ለኤሲሲኤ የሚከፈለው ሁሉ በፓውንድ ነው፦ የምዝገባ፣ የዓመታዊ መዋጮ፣ የፈተና፣ የነጻ መደረጊያ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ፓውንዱም አብሮ ጨምሯል። ደመወዙ በዚያው መጠን ያልጨመረለት ሰው ይህን በእቅዱ ውስጥ ካላስገባ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ዓመታዊው መዋጮ የሚጠየቀው በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ላይ ነው፤ መቼም ቢመዘገቡ። በኅዳርና በታኅሣሥ መጀመሪያ ተቻኩሎ የተመዘገበ ሰው ከሳምንታት በኋላ ሌላ መዋጮ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ የፈተና ክፍያ ቀድመው ሲመዘገቡ ያነሰ፣ በመደበኛው ጊዜ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ዘግይተው ሲመዘገቡ ደግሞ እጅግ ውድ ነው። የዘገየው ክፍያ ብቻውን የብዙ ሳምንት የትምህርት ወጪ ይበላል።

መክፈያ መንገዱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ባንክዎ ለውጭ ክፍያ የሚያገለግል ካርድ ይሰጥ እንደሆነና ገደቡ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙዎቻችን የከፈልንበት መንገድ ግን ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ነው። በዚህ መንገድ ሲከፍሉ ዘመድዎ የካርዱን ዝርዝር ራሱ እንዲያስገባ ያድርጉ፣ ደረሰኙን ወዲያው ያውርዱ፣ የይለፍ ቃልዎንም በቴሌግራም ለማንም አይላኩ። መሥሪያ ቤትዎ የሚከፍልልዎ ከሆነ ደግሞ ሲያልፉ ስንት ዓመት ለማገልገል እንደሚገደዱና ቢወድቁ ገንዘቡን ማን እንደሚመልስ ውሉን አንብበው ይፈርሙ።

ደረጃ 4፦ ከእኛ የሥራ ዓመት ጋር የሚሄድ የፈተና ቀን ይምረጡ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ነው። ኤሲሲኤ በዓመት አራት የፈተና ወቅት አለው፤ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር እና ዲሴምበር። በእኛ አቆጣጠር የካቲት መጨረሻ፣ ግንቦት መጨረሻ፣ ነሐሴ መጨረሻ እና ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ማለት ነው።

አሁን የኢትዮጵያን የሂሳብ ሠራተኛ ዓመት ከጎኑ ያስቀምጡት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ የንብረት ቆጠራ፣ የማስተካከያ ምዝገባና የኦዲተር ጥያቄ ነው። ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ጥቅምት 30 ድረስ ግብር ማስታወቅ አለባቸው። ስለዚህ ለነሐሴው ፈተና የሚያጠኑበት ጊዜ ሂሳብ የሚዘጉበት ጊዜ ነው፤ ለኅዳሩ ፈተና ደግሞ የሚቀርዎ ነጻ ጊዜ ከኅዳር ወር የዘለለ አይደለም። በነሐሴው ወቅት ሁለት ከባድ ፈተና አስመዝግቦ ማታ አራት ሰዓት ከቢሮ እየወጣ አጠናለሁ ያለ ሰው ራሱን ያደክማል እንጂ አያልፍም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ከባዶቹን ለየካቲትና ለግንቦት ያድርጉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ሁለት ፈተና ያጥኑ፤ ገናና ጥምቀት ቢኖሩም ከሐምሌ የተሻለ ሰላም አለው። ውጤቱ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይመጣል፤ እስከዚያ ሳይጠብቁ ቀጣዮቹን ጀምረው ግንቦት መጨረሻ ላይ ሁለት ይፈተኑ። ሰኔን ለመሥሪያ ቤትዎ ይስጡ። የመጀመሪያው እርከን ሦስት ፈተናዎችና ሕግ ደግሞ ወቅት አይጠብቁም፤ በፈለጉት ቀን ማዕከል አስይዘው በኮምፒውተር ይፈተናሉ፣ ውጤቱም እዚያው ይታያል። እነዚህን ለመስከረምና ለኅዳር መሙያ ያድርጓቸው። በዚህ አካሄድ ከየትኛውም ፈተና ነጻ ያልተደረገ ሰው በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሊጨርስ ይችላል። ኦዲት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥራው እስከ ታኅሣሥ ስለሚዘልቅ የካቲት ላይ አንድ ብቻ ቢፈተን ይመረጣል።

ማጣመርን በተመለከተ፣ ኤፍአርና ኤኤ አብረው ይሄዳሉ፤ ኦዲተሩ የሚመረምረው ኤፍአር ላይ የተማሩትን ነው። ፒኤምና ኤፍኤምም ይስማማሉ። ግብርን ለብቻው ወይም ከቀላል ጋር ይውሰዱ።

የመጨረሻው እርከን ላይ የሰዓት ቆጣሪ አለ። በዚያ እርከን የመጀመሪያውን ፈተና ካለፉበት ቀን ጀምሮ ቀሪዎቹን በሰባት ዓመት ውስጥ መጨረስ ግድ ነው፤ ካልሆነ የቆየው ውጤት ይሰረዛል። በተጨማሪም ኤሲሲኤ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ የታደሰ የትምህርት ቅርጽ እንደሚያስገባ አስታውቋል። አሁን የሚጀምር ሰው ያለፋቸው ፈተናዎች ወደ አዲሱ እንዴት እንደሚሸጋገሩ በድረ ገጹ ላይ አይቶ ቅደም ተከተሉን ይወስን።

ደረጃ 5፦ አጠናን

መጽሐፍ ሲገዙ ዓመቱን ይዩ። ካፕላንና ቢፒፒ ፈቃድ ያላቸው አሳታሚዎች ናቸው። ለኤፍአር አንድ ዓመት ያለፈበት መጽሐፍ ብዙም አይጎዳም፤ ለግብር ግን ከጥቅም ውጭ ነው። የግብር ፈተና ላይ የሚጠየቀው የእንግሊዝ ሕግ ሲሆን ከጁን እስከ ቀጣዩ ማርች ያሉት ፈተናዎች በአንድ ዓመት ሕግ ላይ ይመሠረታሉ። የግብር ዓመታቸው ኤፕሪል 6 ጀምሮ ኤፕሪል 5 ያበቃል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሳቸው እንደ እኛ 15 ሳይሆን 20 ከመቶ ነው፤ ከግብር ነጻ የሆነው የግለሰብ ገቢ 12,570 ፓውንድ ነው። የእኛን ሕግ የለመደ እጅ ሳያስበው 15 ይጽፋል። ፈተናው ሊቃረብ ሲል የአገራችንን የግብር ሥራ ለጥቂት ሳምንት ለሌላ ባልደረባ ማስተላለፍ ቢችሉ ይጠቅምዎታል።

ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ኦፕንቱይሽን በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያሉትን ነጻ ትምህርቶች ይጠቀም፤ እኔ ፒኤምን ያለፍኩት በእነርሱና በጥያቄ መጽሐፍ ነው። የኤሲሲኤ ድረ ገጽ ላይ ያለፉ ፈተናዎች፣ የፈታኞች ሪፖርትና ጽሑፎች በነጻ አሉ። መብራትና ኢንተርኔት ስለሚቋረጥ ሁሉንም አስቀድመው ያውርዱ። የፈታኞችን ሪፖርት ማንም አይነግርዎትም፤ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚደጋግሙትን ስህተት ፈታኙ ራሱ የሚጽፈው እዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያለፉ ጥያቄዎችን በኤሲሲኤ የልምምድ መድረክ ላይ፣ በሰዓት፣ በኮምፒውተር ይሥሩ። በደብተር ላይ ጥሩ የሚሠራ ሰው የፈተናው የሰንጠረዥ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ቀመር መጻፍ ይጠፋዋል።

ደረጃ 6፦ ፈተናው ውስጥ

ፒኤምን ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን 46 አመጣሁ። ትምህርቱን አውቀው ነበር። አንዱን ባለ 20 ነጥብ ጥያቄ እስኪስተካከልልኝ ስታገል አንድ ሰዓት ሄደ፤ ሁለተኛውን ባለ 20 ነጥብ ጥያቄ ሁለት መስመር ጽፌ ወጣሁ። በሁለተኛው ጊዜ ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። 180 ደቂቃ ለ100 ነጥብ ሲካፈል ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ ነው፤ ለ20 ነጥብ ጥያቄ 36 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲሞላ፣ ሚዛኑ ባይገጥምም፣ ትቼ ወደ ሚቀጥለው ሄድኩ። አለፍኩ።

የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ነጥብ ያስጥላል። ቋንቋው የሚያምር መሆን የለበትም፤ ነጥብ የሚያስገኝ መሆን አለበት። ምሳሌ ላሳይ። አንድ ፋብሪካ በመዝገቡ 2,400,000 ብር የያዘ ማሽን አለው። አሁን ቢሸጥ፣ የመሸጫ ወጪው ተቀንሶ 1,900,000 ብር ያወጣል። በሥራ ላይ ቢቆይ የሚያስገኘው ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ 2,050,000 ብር ነው። ብዙ ሰው ከመሸጫው ዋጋ ጋር አነጻጽሮ 500,000 ብር ኪሳራ ይጽፋል። ትክክለኛው ግን ከሁለቱ ከፍተኛውን መውሰድ ነው፤ ኪሳራው 350,000 ብር ነው።

አሁን «ማሽኑ ዋጋው በ350,000 ብር ቀንሷል» ብሎ ያቆመ ሰው ለቁጥሩ ብቻ ነጥብ ያገኛል። ሌላው እንዲህ ይጽፋል፦ መለኪያው ከመሸጫ ዋጋውና ከአገልግሎት ዋጋው ከፍተኛው ነው፤ እዚህ ከፍተኛው የአገልግሎት ዋጋው 2,050,000 ነው፤ ይህ ከመዝገብ ዋጋው ስለሚያንስ 350,000 በዓመቱ ትርፍና ኪሳራ ላይ ወጪ ይደረጋል፤ ማሽኑ በ2,050,000 ይመዘገባል፤ የቀጣዮቹ ዓመታት የእርጅና ቅናሽም ከዚህ አዲስ ዋጋ ተነስቶ ይሰላል። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፤ እያንዳንዱ ሕጉን ወይም ሕጉ ከጉዳዩ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚናገር። ነጥብ የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው።

የጥያቄውን ግሥም ይመልከቱ። «ግለጽ» ሲል ምን እንደሆነ መናገር ይበቃል። «መዝን» ሲል ግን ጥቅሙንና ጉዳቱን አንስቶ የራስን ውሳኔ መስጠት ያስፈልጋል፤ ውሳኔ ያልሰጠ መልስ ጎዶሎ ነው። ኤስቢኤል ላይ ከ100ው 20ው ለሙያ ክህሎት የሚሰጥ ስለሆነ፣ መልስዎ ለቦርድ ሊቀርብ የሚችል ጽሑፍ መምሰል አለበት። የጉዳዩ መነሻ መረጃ ከፈተናው ሁለት ሳምንት በፊት ይለቀቃል፤ ያንን ሳያነብ የሚገባ ሰው እንዳይሆኑ።

ደረጃ 7፦ ሥነ ምግባርና የሥራ ልምድ

የሥነ ምግባርና ክህሎት ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሠራ ሲሆን 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከመጨረሻው እርከን በፊት ይጨርሱት፤ ለኤስቢኤል ይጠቅማል።

የሥራ ልምዱ ላይ ግን ብዙዎች ፈተናውን ጨርሰው ዓመታት ይቆማሉ። 36 ወር ብቻ አይበቃም፤ ዘጠኝ የብቃት ግቦችን ማሳካት ያስፈልጋል፤ አምስቱ ለሁሉም የግድ ናቸው፣ አራቱን ከሥራዎ ጋር የሚሄዱትን ይመርጣሉ። ለእያንዳንዱ ከ200 እስከ 500 ቃል የሚሆን መግለጫ ይጽፋሉ፤ ብቁ የሆነ የሂሳብ ባለሙያ የሆነ ተቆጣጣሪ ይፈርማል። ከምዝገባ በፊት የሠሩት ሥራም ሊቆጠር ስለሚችል ቀድሞ የሠሩበትን ቦታ አይርሱ።

አለቃዎ የታወቀ ማኅበር አባል ካልሆነ ችግር አለ፤ በአገራችን ይህ የተለመደ ነው። ከመሥሪያ ቤትዎ ውጭ ያለ ባለሙያ፣ ለምሳሌ የድርጅትዎን ሂሳብ የሚመረምር የኦዲት ድርጅት ውስጥ ያለ አባል፣ ሥራዎን ካወቀ ሊፈርምልዎ ይችላል። ይህን ሰው በመጀመሪያው ዓመት ይፈልጉ። ፈተና ሲያልቅ ፈልጎ «ሦስት ዓመት አይተኸኛል» ብሎ ማስፈረም አይቻልም፤ አይገባምም።

መግለጫውን ከሌላ ሰው አይቅዱ። ኤሲሲኤ ተመሳሳይ መግለጫ ያቀረቡ ሰዎችን ከአባልነት አስወግዷል። «የውስጥ ቁጥጥር ሥራ እሠራለሁ» የሚል ጽሑፍ ማንንም አይወክልም። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ የመጋቢትን የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ስሠራ ከስድስት ወር በላይ ያልቀረቡ ሁለት ቼኮች አገኘሁ፤ ተከፋዮቹን አነጋገርኩ፤ አንዱ ቼክ በስህተት ሁለት ጊዜ እንደተጻፈ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ቼክ ከመፈረሙ በፊት የክፍያ መጠየቂያው ላይ «ተከፍሏል» የሚል ማኅተም እንዲመታ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ተቀባይነት አገኘ። ይህን የሚጽፈው የሠራው ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ነገሮችን በየወሩ በማስታወሻ ይያዙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አያስታውሷቸውም።

ደረጃ 8፦ አባልነት

ሦስቱም ሲሟሉ የአባልነት ማመልከቻ ያስገባሉ። አባል ከሆኑ በኋላ በየዓመቱ 40 ዩኒት የሙያ ማዳበሪያ ትምህርት ይጠበቅብዎታል፤ ከእነዚህ 21ዱ በማስረጃ የሚረጋገጡ መሆን አለባቸው። አምስት ዓመት የቆየ አባል የፌሎው ማዕረግ ያገኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ የኦዲት ሪፖርት በስምዎ ለመፈረም ግን አባልነቱ ብቻውን አይበቃም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ስለዚህ የአባልነት ሰርተፊኬቱ በእጅዎ በገባ ሳምንት፣ ትራንስክሪፕትዎንና የሥራ ልምድ ደብዳቤዎችዎን ይዘው የቦርዱን መስፈርት ይጠይቁ።